ልጄ አሜሪካ ልትመርጥ ነው፤ ምን ልበላት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ ስለ አሜሪካ ምርጫ ናቸው። አልገረመኝም። ከመንደራ ኮቺ እስከ ቦሳ አዲስ፣ ከጊንጆ እስከ ጅረን፣ ዘመዱ እዚያ ያለ ሰው ብዙ ነው። የኮንግረሱ ምርጫ ጥቅምት 24 ቀን 2019 ዓ.ም. ይካሄዳል፤ በእነሱ ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ማለት ነው። ከዚህ በታች "ዓ.ም." ያላልኩባቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቦሳ አዲስ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ልጄ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ትኖራለች። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን እየተንከባከበች ነው የምትተዳደረው። ዘንድሮ ዜግነት አገኘች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ልትመርጥ ነው። ለኮንግረስ የሚወዳደር አንድ ሰው ያሰራጨውን በራሪ ወረቀት በቴሌግራም ላከችልኝና "አባዬ፣ ለእኛ የሚሻለን ይሄ ነው?" አለችኝ። ወረቀቱ ላይ አቋሞቹ ተደርድረዋል፦ ስለ ስደተኞች፣ ስለ ጤና መድን፣ ስለ ግብር፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ውጭ እርዳታ። መጨረሻ ላይ "በአፍሪካ ቀንድ ሰላምንና ዴሞክራሲን እደግፋለሁ" ይላል። ይህን ሳነብ ልቤ ሞላ። ምረጪው ልበላት?
(አ. ከ.፣ ቦሳ አዲስ)

መልስ፦ አባቴ፣ "ምረጪው"ም "አትምረጪው"ም አይበሏት። ዝምም አይበሏት። ያን ያህል ርቃ እየኖረች የአባቷን ሐሳብ መጠየቋ ትልቅ ነገር ነው። ወረቀቱን አብራችሁ አንብቡት። ስልክ ላይ ሆናችሁ አንድ አንድ እያላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ።

የሰውዬውን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ቅስቀሳ ውስጥ መግባት አልፈልግም። የላኩልኝን ወረቀት ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ብዙ ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምሬያለሁና አንድ ጥያቄ አእምሮዬ ውስጥ ሁሌም አለ። ይሄ ሰው ቢመረጥ፣ ከጻፈው ውስጥ በእጁ ያለው የቱ ነው?

ኮንግረስ ሁለት ቤት ነው። አንዱ ሴኔት ነው፤ 100 አባላት አሉት፣ የሚመረጡትም ለ6 ዓመት ነው። ሌላው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ 435 አባላት አሉት፣ የሚመረጡት ለ2 ዓመት ብቻ ነው። የልጅዎ ተወዳዳሪ ለዚህኛው ነው የሚወዳደረው። ቢያሸንፍ ወደ 760 ሺህ ሰው የሚኖርበትን ወረዳ ይወክላል። ከ435 ድምፅ አንዷ የእሱ ናት ማለት ነው። አምባሳደር ሲሾም ወይም ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲጸድቅ ድምፅ የሚሰጠው ሴኔት ነው። ይሄ ሰው እዚያ ውስጥ ድምፅ የለውም።

አሁን ልብዎን ወደ ሞላው ወደ መጨረሻው መስመር ልምጣ። ቅር እንዳይልዎት እንጂ፣ ከወረቀቱ ሁሉ በጣም ቀላሉ ቃል እሱ ነው። ሰላምንና ዴሞክራሲን የማይደግፍ ተወዳዳሪ የለም። ጥያቄው በምን ይደግፋል ነው።

ሁለት ምሳሌ ልስጥዎት። በ2007 ኒው ጀርሲን የወከሉት ዶናልድ ፔይን ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ተጠያቂነት ረቂቅ ሕግ አቅርበው ነበር። ቁጥሩ "ኤች አር 2003" ይባላል። ኦክቶበር 2 ቀን በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ዳያስፖራው በደስታ አበደ። ከዚያ ረቂቁ ሴኔት ደረሰና እዚያው ቀረ። ሕግ አልሆነም።

ሁለተኛው ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት በ2018 ያለፈው "ኤች ሬዝ 128" ነው። ይሄ ከመጀመሪያውም ሕግ አይደለም፤ የውሳኔ ሐሳብ ነው። ምክር ቤቱ ሐሳቡን ይገልጽበታል እንጂ ማንንም አያስገድድም። ያለፈው ኤፕሪል 10 ነው፤ ዶክተር ዐቢይ ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ከሳምንት በኋላ። ያለፈውም ስም ተጠርቶ ድምፅ ሳይቆጠር ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ የሚል መዝገብ የለም። የዚያን ጊዜ አባል የነበረ ሰው ዛሬ ተነስቶ "እኔ ለኢትዮጵያ ድምፅ ሰጥቻለሁ" ቢል በድምፅ መዝገብ ማጣራት አይቻልም። ማጣራት የሚቻለው በአጋርነት ፈርሞ እንደሆነ ነው፤ ፊርማ ይመዘገባል።

ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ታናሽ እህቴ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ትኖራለች። እዚያ ሐበሻ ብዙ ነው። በዚያ ጊዜ ወረዳውን የወከሉት ማይክ ኮፍማን ያንን የውሳኔ ሐሳብ በይፋ ደግፈው ነበር። እህቴ ከሥራ ስትወጣ ስብሰባ ትሄድ ነበር፤ አመሻሽተው ፊርማ ያሰባስቡ ነበር። ያ ሁሉ ድካም የዋሽንግተንን ጆሮ አግኝቷል። ግን በዚያው ዓመት ኖቬምበር ኮፍማን ወንበራቸውን በጄሰን ክሮ ተነጠቁ። የወረዳው ሰው የሚመርጠው ስለ እኛ አገር ብቻ አስቦ አይደለም። የእኛም ልጆች እንዲሁ መሆን አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

አንድ እንደራሴ ከልቡ ከተነሳ ምን ሊያደርግ እንደሚችልም እርስዎ ያስታውሱ ይሆናል። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ሚኪ ሌላንድን የያዘች አውሮፕላን ጋምቤላ አካባቢ ተራራ ላይ ወደቀች። ሰውየው የቴክሳስ፣ የሂውስተን ተወካይ ነበሩ። ስለ ረሃብ የሚሠራ ልዩ ኮሚቴ በምክር ቤቱ እንዲቋቋም ታግለው ሰብሳቢው ሆኑ። በዚያን ቀን ከአዲስ አበባ ተነስተው ወደ ፉኝዶ ይሄዱ ነበር፤ ከሱዳን የተሰደዱ ሰዎችን ለማየት። አብረዋቸው የነበሩ ኢትዮጵያውያንም አልተረፉም። አውሮፕላኗ የተገኘችው ከብዙ ቀን ፍለጋ በኋላ ነው። እኔ በዚያ ሳምንት ሬዲዮ አጠገብ ነበርኩ። ሌላንድ ኮሚቴ ነበራቸው፣ በጀት ላይ ድምፅ ይሰጡ ነበር፣ ራሳቸው ይመጡ ነበር። ልጅዎ ተወዳዳሪውን የትኛው ኮሚቴ ውስጥ መግባት እንደሚፈልግ ትጠይቀው። ስለ አፍሪካ ቀንድ እያወራ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴን ስም እንኳ ካላነሳ፣ መስመሩ ለድምፅ መሰብሰቢያ የተጻፈ ነው።

አሁን ወደ ከበዱት ልለፍ። ግብር። ወረቀቱ "ግብር እቀንሳለሁ" ይላል። የማንን? በ2025 ምን እንደሆነ ይንገሯት። ትልቁ የግብር ሕግ ሲረቀቅ፣ ወደ ውጭ የሚላክ ገንዘብ ላይ ግብር ይጣል ተባለ። መጀመሪያ 5 በመቶ ነበር፤ ዜጋ ባልሆኑ ሰዎች ላይ። ከዚያ 3.5 በመቶ ሆኖ ሜይ 22 ለድምፅ ቀረበ። ውጤቱ 215 ለ214 ነበር። በአንድ ድምፅ አለፈ! ከዚያ ሴኔቱ ወደ 1 በመቶ አወረደው፤ ነገር ግን ዜጋንም ዜጋ ያልሆነንም እንዲመለከት አደረገ። ፕሬዚዳንቱ የፈረሙት ጁላይ 4 ነው። ቦሳ አዲስ ለመድኃኒትዎ የሚላክልዎ ገንዘብ ላይ ኦሃዮ የሚኖር አንድ እንደራሴ ድምፅ ሰጥቷል። ስለ አፍሪካ ቀንድ ሰላም ከተጻፈው መስመር ይልቅ የእርስዎን ኪስ የነካው ይሄ ነው።

መፍትሔውንም ልንገርዎ። ግብሩ የሚቆረጠው ጥሬ ገንዘብ፣ መኒ ኦርደር ወይም የባንክ ቼክ ሱቅ ወስዶ ለሚልክ ሰው ነው፤ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ። አሜሪካ ካለ የባንክ ሒሳብ ወይም እዚያው በወጣ ካርድ ከተላከ አይቆረጥም። ልጅዎ ከስልኳ በካርድ ትላክ። ሺህ ዶላር በጥሬ ብትልክ 10 ዶላር ይሄዳል።

የጤና መድን ላይ ደግሞ ጊዜ ስጡት። ይህን የምለው በሥራዋ ምክንያት ነው። አሜሪካ ውስጥ ነርሲንግ ሆም ያሉ አብዛኞቹ አረጋውያን ወጪያቸው የሚሸፈነው ሜዲኬይድ በሚባለው የመንግሥት መድን ነው። ገንዘቡ የፌዴራሉና የክልሉ ነው። ሜዲኬይድ ሲቀነስ መጦሪያ ቤቱ ሠራተኛ ይቀንሳል፤ የቀረችው ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ትሠራለች። ተወዳዳሪው ስለዚህ የጻፈው "ብክነትን አስወግዳለሁ" የሚል ብቻ ነው። ብክነት ሲል ምን ማለቱ ነው? የትኛው ወጪ? ይህን ጥያቄ ከልጅዎ የተሻለ የሚጠይቅ የለም፤ አረጋዊውን ከአልጋ የምታነሳው እሷ ናት። የወር ደመወዟና ወገቧ እዚህ መስመር ውስጥ አሉ። እባክዎ "ለእኛ የሚሻለን" ስትልዎት "ለአንቺስ?" ብለው ይመልሱላት። ብዙ ወላጅ ይህን አይልም።

ስደተኞችን በተመለከተ "በችሎታ ላይ የተመሠረተ አሠራር" ይላል። እንዲህ ያሉ ሐሳቦች ብዙ ጊዜ የሚቆርጡት የቤተሰብ መንገድን ነው። ዛሬ ባለው ሕግ ዜጋ የሆነችና 21 ዓመት የሞላት ልጅ ለወላጆቿ ማመልከት ትችላለች፤ ለወላጅ የኮታ ወረፋ የለም። ለወንድምና ለእህትም ማመልከት ትችላለች፤ የእነሱ ወረፋ ግን ረጅም ነው። ተወዳዳሪው ወላጅን ይነካል? ወንድምን ይነካል? ዲቪን ያስቀራል? አዎ ወይም አይደለም ይበል። ዲቪ በ1990 በወጣ ሕግ የመጣ ነው። በ2013 ሴኔት ዲቪን የሚያስቀር ትልቅ ረቂቅ አሳልፎ ነበር፤ የተወካዮች ምክር ቤት ሳያነሳው ቀረ። እዚህም መንገዱን የዘጋው ወይም የከፈተው ይሄው ልጅዎ የምትመርጥለት ቤት ነው።

ማጣሪያው ክፍት ነው። ከዚህ በፊት አባል የነበረ ከሆነ "ኮንግረስ ዶት ጎቭ" የሚባለው ገጽ ላይ ያቀረበው፣ የፈረመበትና ስም ተጠርቶ ድምፅ የሰጠበት አለ። ያለ ክፍያ ነው። አዲስ ከሆነ በከተማው ወይም በክልሉ ምክር ቤት የሠራውን ትይ። እሱም ከሌለ ሕዝብ ሲሰበስብ ሄዳ ትጠይቀው። ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚቆየው፤ በመካከል ግን መራጩ ሊያወርደው አይችልም። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። እነሱ ዘንድ ይህ ለኮንግረስ አባል የለም። ስለዚህ መጠየቅ ያለባት አሁን፣ ከምርጫው በፊት ነው።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ሚኒሶታ ነው። በዲቪ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ግሪን ካርድ አለው። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ቅጹ ላይ "ለምርጫ መመዝገብ ይፈልጋሉ?" የሚል አይቶ ሊሞላ ነው። ጓደኞቹም "አንድ ድምፅ ለእኛ ሰው ጠቃሚ ነው" ይሉታል። ይችላል?
(ነ.፣ መንደራ ኮቺ)

መልስ፦ አይችልም! እህቴ፣ ይህን መጽሔት እስክትጨርሺ አትጠብቂ፤ አሁኑኑ ደውይለት።

በኮንግረስ ምርጫ የሚመርጠው ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ዜግነት አይደለም። በብዙ ክልሎች መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ የመራጭነት ምዝገባንም ያቀርባል። ሠራተኛው እንደ ልማድ ይጠይቃል፤ ልጁም እንደ ትሕትና "እሺ" ይላል። እዚያ ጋ ነው ችግሩ። ቅጹ ላይ "ዜጋ ነኝ" ብሎ መፈረም አለ። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። በኋላም ዜግነት ሲያመለክት ይነሳበታል። አላወቅሁም ማለት ብዙ አያድንም።

ሞልቶ ከሆነ አይደብቀው፤ ሄዶም አይምረጥ። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ካልሞላ ደግሞ "አልፈልግም" የሚለውን ይምረጥ።

ግሪን ካርድ ካገኘ 5 ዓመት ሲሞላው ለዜግነት ማመልከት ይችላል። የአሜሪካ ዜጋ አግብቶ አብሯት የሚኖር ከሆነ በ3 ዓመት። እስከዚያ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ስብሰባ መሄድ፣ ለእንደራሴው ቢሮ መደወል፣ ስለ ጉዳዩ መናገር ይችላል። የእንደራሴው ቢሮ በወረዳው የሚኖረውን ሰው ዜጋ ነህ አይደለህም ሳይል ያስተናግዳል፤ የኢሚግሬሽን ፋይል ሲዘገይ የሚጠይቁ ሠራተኞችም አሉት። ይህን ብዙ ሐበሻ ሳይጠቀምበት ይቀራል፤ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኞቼ ጅማ ነው ያለነው። ለአንድ ጥሩ ተወዳዳሪ ትንሽ ገንዘብ አዋጥተን በዘመድ በኩል ብንልክስ?
(ሦስት ጓደኛሞች፣ አጂፕ)

መልስ፦ አይቻልም። የውጭ ዜጋ ለአሜሪካ ምርጫ ገንዘብ መስጠት በሕግ የተከለከለ ነው። በዘመድ ስም አሳልፎ መስጠትም ወንጀል ነው፤ ዘመዳችሁን ታስይዙታላችሁ። ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን ከራሱ ገንዘብ በራሱ ስም መስጠት ይችላል። ያዋጣችሁትን እዚሁ ሰፈር ለሚያስፈልገው አውሉት።

ጥያቄ፦ ታላቅ እህቴ ዳላስ ናት። "ይሄ ሰው ከተመረጠ ኢትዮጵያን ወደ አጎዋ ይመልሳታል፤ አንቺም ሥራ ታገኛለሽ" አለችኝ። እኔ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር፤ ትዕዛዝ ሲቀንስ ሠራተኛ ቀነሱ፤ እኔም ወጣሁ። ተስፋ ላድርግ? አባቴ ደግሞ ገበሬ ነው፤ ቡናችንስ?
(ሐ.፣ ጅማ)

መልስ፦ ልጄ፣ ሥራ ማጣትሽ ከልቤ አሳዝኖኛል። የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዲሴምበር 2018 ሲመረቅ እዚህ ከተማ ምን ያህል ተስፋ እንደነበረ አስታውሳለሁ። ያስተማርኳቸው ልጆች የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ተሰልፈው ነበር። ስለዚህ የሌለ ተስፋ አልሰጥሽም፣ ያለውንም አልነፍግሽም።

አጎዋ በ2000 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። የአፍሪካ አገሮች ብዙ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲያስገቡ ይፈቅዳል። ለልብስ ትልቅ ነገር ነው፤ ልብስ ላይ የአሜሪካ ቀረጥ ከፍተኛ ነውና። ኢትዮጵያ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከተነሳው የሰብአዊ መብት ጉዳይ ጋር ተያይዞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ወጣች። ያስወጣት ኮንግረስ አይደለም፤ ፕሬዚዳንቱ ነው። ሕጉ መመዘኛውን አስቀምጦ በየዓመቱ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለውን ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቷል። ስለዚህ የተወካዮች ምክር ቤት ዕጩ "እኔ እመልሳታለሁ" ቢል ከሥልጣኑ በላይ ቃል ገብቷል።

በእጁ ያለው ሌላ ነው። ሕጉን የሚያድሰውና መመዘኛውን የሚቀይረው ኮንግረስ ነው። ሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ላይ አጎዋ ራሱ ሳይታደስ ጊዜው አልፎበት ነበር። ገዢ ኩባንያ የሚፈራው ይህንን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቀረጥ ይኑር አይኑር ሳያውቅ ፋብሪካ ውስጥ ገንዘብ አያስገባም። እህትሽ ሰውዬውን እንዲህ ትጠይቀው፦ አጎዋ ለብዙ ዓመት እንዲታደስ ድምፅ ትሰጣለህ? የወጣች አገር የምትመለስበት ግልጽ መንገድ ሕጉ ውስጥ እንዲገባ ታደርጋለህ? የግብርም የንግድም ጉዳይ በሚታይበት ኮሚቴ ውስጥ ለመግባት ትጠይቃለህ? ሦስቱንም "አዎ" ቢል እንኳ ያንቺ ሥራ በዚህ ዓመት አይመጣም። እስከዚያ ሌላ ሥራ መፈለግሽን አታቁሚ። ስፌቱን አውቀሽዋል፤ መርካቶ ሂርማታ ውስጥ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፉትን ጠይቂ።

የአባትሽ ቡና ጉዳይ የተለየ ነው። ያልተቆላ ቡና አጎዋ ኖረ አልኖረ አሜሪካ የሚገባው ያለ ቀረጥ ነበር። በኤፕሪል 2025 ፕሬዚዳንቱ በሁሉም ላይ ቀረጥ ሲጥሉ ቡናችንም 10 በመቶ ተጣለበት። አሜሪካ ውስጥ የስኒ ዋጋ ሲንር ደግሞ በኖቬምበር ቡናን ነጻ አደረጉት። በሕገ መንግሥታቸው ቀረጥ የመጣል ሥልጣን የኮንግረስ ነው፤ በየጊዜው በወጡ ሕጎች ግን ብዙውን ለፕሬዚዳንቱ አሳልፎ ሰጥቷል። እህትሽ አራተኛ ጥያቄ ትጨምር፦ ይህን ሥልጣን ወደ ምክር ቤቱ ለመመለስ ድምፅ ትሰጣለህ? መልሱን በጽሑፍ ከሰጣት ላኪልኝ፤ በሚቀጥለው እትም አወጣዋለሁ።